ድንጋዩ አይሸጥ፤ ጦስኙም ከነሥሩ አይነቀል



በዚህ ሰሌዳ ላይ ከወር እስከ ወር የምንለጥፈው ስለ መዋጮ፣ ስለ ውሃ ቦኖና ስለ ሌሊት ጥበቃ ተራ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ቅጠል እንጽፋለን። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልን። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ያላችሁም አንብቡለት፤ ጉዳዩ ይበልጡን የሚነካው እንደነሱ ያለውን ሰው ነውና።

ከመሰብሰቢያ አዳራሻችን ፊት ለፊት ያለውን ተዳፋት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የውሃ መውረጃው ቦይ ሲቆፈር የወጣው ድንጋይ እዚያው ተከምሮ ቀርቷል። ስለዚህ ቦታ በስብሰባ ላይ ሦስት ዓይነት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ድንጋዩ ለግንበኛ ተሽጦ ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ ሣጥን ይግባ የሚል ነው። ሁለተኛው ቦታው ይጠረግና ባሕር ዛፍ ይተከልበት ይላል። ሦስተኛው፣ ይኸውም የእኛ የጽሕፈት ቤቱ ሐሳብ፣ ድንጋዩ እዚያው በወጉ ይደርደርና ጦስኝ ይተከልበት የሚል ነው። ይህን ስንል የሳቀብን ሰው ነበረ። «ጦስኝ ደግሞ ይተከላል ወይ? ተራራው ሞልቶት የለም እንዴ!» ተባልን።

ሞልቶት ነበር። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ድንጋያማ ግጦሽ ላይ ድሮ ሰው ሲሄድ ጠረኑ ከእግሩ ሥር ይነሣ ነበር። ልጆች በግ ሊያግዱ ወጥተው ለሻይ የሚሆነውን በኪሳቸው ይዘው ይገቡ ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ጦስኝ የሚገኘው ከትልልቅ ቋጥኝ ሥር፣ እጅ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ብቻ ነው። ለቃሚዎቻችን ሌሊት ተነሥተው፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት ተጉዘው ነው የሚያመጡት። ይህን እኛ ከራሳችን አላመጣነውም፤ ራሳቸውን ጠይቁና ይነግሯችኋል።

ምን አጠፋው? ግማሹን ማረሻ ነው የወሰደው፤ ለገብስ ሲባል ድንጋያማው ሁሉ ታርሷል። ግማሹን ደግሞ የአለቃቀሙ ነገር ነው። ጦስኝ በእስር ስለሚሸጥ፣ ከነሥሩ የተነቀለው እስሩን ያወፍረዋል። ለቃሚዋም ትቸኩላለች፤ ፀሐይ ሳይገፋ ገበያ መድረስ አለባት። በበጋ አፈሩ ደርቆ ስለሚላላ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት መላው ጉጥ ተነቅሎ ይመጣል። አንድ የምጣድ ያህል የተንሰራፋ ጦስኝ እዚያ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል፤ በብርዳችን ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ለመነቀል ግን የአንድ ትንፋሽ ጊዜ ይበቃዋል።

አሁን በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በስብሰባው ላይ አንዳንድ ወገኖች «ጦስኝ ለቃሚ ይቀጣ፣ ይከልከል» ብለው ነበር። እኛ ይህን አንቀበልም። ጦስኝ የሚለቅመው ማን ነው? መሬት የሌላት፣ ባሏ የሞተባት እናት ናት። ደብተር መግዣ ያጣ ተማሪ ነው። ቅጣቱን የሚከፍለው እሱ ነው፤ ከነሥሩ ተቀብሎ በማዳበሪያ ጆንያ አጭቆ ወደ ጎንደር የሚጭነው ነጋዴ ግን ምንም አይነካውም። ከዚያም በላይ፣ የሌላት ሴት የተከለከለችውን ነገር በጨለማ ሄዳ ታመጣዋለች፤ በጨለማ ደግሞ ማጭድ አይያዝም፣ ይነቀላል እንጂ። ስለዚህ ክልከላው የባሰ ያጠፋዋል።

ጦስኝን በደንብ የምናውቀው ይመስለናል። የምናውቀው ግን ጠረኑን ነው። እስቲ አንድ ጉጥ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከስንዝር አይበልጥም፤ መሬት ላይ እንደተነጠፈ ስጋጃ ነው። ቅጠሉ የስንዴ ፍሬ ቢያክል ነው። አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሲሆን ንብ አጥብቆ ይወደዋል፤ ቀፎ ያላችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ሣር የሚመስላችሁ ካላችሁም ከሥሩ አጠገብ ቆንጠጥ አድርጉት፤ እንጨት ነው። ጦስኝ ቁመቱ ያጠረ ቁጥቋጦ ነው፤ በጋ ከክረምት ቅጠሉን አያራግፍም፣ አንዴ ከያዘም ለዓመታት ይኖራል። የበሶብላ፣ የዳማከሴና የናና ዘመድ ነው። የጥብስ ቅጠል የምንለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

የተማሩ ሰዎች ጠይቀን እንደተረዳነው በአገራችን ሁለት ዓይነት ጦስኝ አለ። አንዱ በሳይንስ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ፣ ሌላው ታይመስ ሴሩላተስ ይባላል። የሁለቱም መገኛ ይኸው የእኛው የደጋ አገር ነው። በትግርኛ ጥስኒ ይሉታል። ሺምፔሪ የተባለው ዊልሄልም ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ ስም ነው፤ ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ በትግራይና በሰሜን ተራሮች እየዞረ ቅጠል ሲሰበስብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ አርፏል። ከእሱ በፊት በስንት ሺህ ዘመን ጦስኙን ለሳልና ለሆድ ቁርጠት ያፈሉት እናቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም። ይሁን፤ የስሙ ነገር ለዛሬ ይቆይ።

የሚበቅለው ከ2200 ሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ 4000 ሜትር ግድም ነው። የእኛይቱ አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3000 ሜትር የምትጠጋ ስለሆነች ልኩ ነን ማለት ነው። በዚህ ከፍታ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ውርጩ ድንቹን ያጠቁረዋል። ረጅም ተክል ንፋስ ይሰብረዋል፤ ቅጠለ ሰፊውን አመዳይ ያቃጥለዋል። ጦስኝ እንዲያ አጥሮ፣ ቅጠሉን አሳንሶ፣ ከድንጋይ ተጠግቶ የሚኖረው ወዶ አይደለም፤ አገሩ ያስተማረው አኗኗር ነው። ቀን ፀሐይ የጠጣው ድንጋይ ሌሊት ሙቀቱን ቀስ እያለ ይመልስለታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃው በድንጋዩ መካከል ሾልኮ ይወርድለታል። ጦስኝን የሚገድለው ብርድ አይደለም፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ መቆም ነው።

አሁን ድንጋዩ ለምን አይሸጥም እንዳልን ገባችሁ መሰለን። ያ ክምር ለሌላ ሰው ፍርስራሽ ነው፤ ለጦስኝ ግን ቤቱ ነው። በፈረንጅ አገር እኮ ለእንዲህ ያለ የተራራ ተክል ሲሉ ድንጋይ ከሩቅ ያስመጣሉ። በለንደን ከተማ ኪው በሚባለው ትልቅ የዕፅዋት ሥፍራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1882 የተሠራ የድንጋይ መደብ እስከ ዛሬ አለ፤ ተራራ በሌለበት ሜዳ ላይ ተራራ አስመስለው ድንጋይ ደርድረው፣ የተራራ ቅጠል ተክለው፣ ሰው እየመጣ ያይላቸዋል። እኛ ተራራውም፣ ድንጋዩም፣ ቅጠሉም አለን፤ ድንጋዩን ለመሸጥ ነው የምንሰበሰበው።

«የዱር ነገር በጓሮ አይለምድም» ላሉን አባቶችም መልስ አለን። የጥብስ ቅጠል የጎንደር ተወላጅ ነው ወይ? ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የመጣ ነው። ዛሬ ከየደጃፋችን ላይ አለ፤ ሥጋ የሚጠብስ ሁሉ ከጎረቤት ይቆርጣል። እሱ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ከለመደ፣ ከኋላችን ካለው ግጦሽ የመጣው ጦስኝ ምን ሊሆን ነው የማይለምደው? ሰው ተክሎት የሞተበት ካለ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቀዋለን፤ ከጎመኑ መደብ ላይ፣ ፍግ ነስንሰህ፣ ውሃ እያጠጣህ አልነበረም ወይ? እንዲያ ከሆነ ጦስኙ የሞተው በደግነት ነው።

ስለ አተካከሉ እንንገራችሁ፤ ይህ ለአዳራሹ ተዳፋትም፣ ለየግል ጓሯችሁም ይሆናል።

በመጀመሪያ ፀሐይ የማያጣ ቦታ ምረጡ፤ ዛፍ ሥርና የቤት ጥላ አይሆንም። ተዳፋት ከሆነ ጥሩ ነው። ሜዳ ከሆነ ደግሞ አፈሩን ከፍ አድርጉት፤ በተለይ መረሬ አፈር ያለው ሰው ከታች አንድ ክንድ ያህል ኮረት ድንጋይ ሳይጥል አይትከል። ትልልቁን ድንጋይ እስከ ግማሹ ቅበሩት እንጂ ላይ ላዩን አታስቀምጡ፤ ላይ ላዩን የተቀመጠ ድንጋይ ክረምት ሲያርሰው ይንከባለላል። ድንጋዩ ወደ ኋላው ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፤ ካብ የካበ ሰው ይህን ለማወቅ እኛን አይጠብቅም። በየድንጋዩ መካከል የሚገባው አፈር ከተራ አፈር፣ ከአሸዋና ከደቃቅ ጠጠር እኩል እኩል ቢደባለቅ በቂ ነው። ፍግ አያስፈልግም። ፍግ የበላ ጦስኝ ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ ጠረኑ ይሞታል፤ ውርጭም ቶሎ ይመታዋል።

ለተከላ የሚሆነውን ከተራራ ነቅላችሁ አታምጡ። ነቅለን ከተከልን ያው ነቀልን ማለት ነው፤ ደግሞም ያረጀ ጉጥ ቦታ ሲቀየርበት ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ አበባ ያላወጣ ለጋ ጫፍ የግማሽ ስንዝር ያህል በስለታም ቢላዋ ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል መልጦ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ እስከ ግማሹ መሰካት ነው። የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል፤ ታቹን ግን ብሱት። ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ አፈሩ ሳይደርቅም ሳይጨቀይም ብትይዙት፣ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለ ጊዜ ሥር ይይዛል። በቀስታ ሳብ ስታደርጉት እንቢ ካለ ይዟል።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ደስ ይለናል፤ ምክንያቱም ሥራው የድንጋይ ነው። በቆመበት ጉጥ ላይ አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ መሬት ላይ አጋድሙና መካከሉ ላይ ትንሽ አፈር ጨምራችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ተዉት። ክረምቱን ከድንጋዩ ሥር የራሱን ሥር ያወጣል። መስከረም ላይ ከእናቱ ትቆርጡትና ሥር ያወጣውን ብቻ ታነሣላችሁ። እናቲቱም ምንም አልጎደለባትም። ተራራው ላይ ያለውን ሳንነካ መዝራት የምንችለው በዚህ ነው። ለቃሚ ልጆቻችን ይህን ቢማሩት በሄዱበት ሁሉ ሁለትና ሦስት ድንጋይ እየጫኑ ይመለሳሉ። ጉልበት አይጠይቅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የተከላው ጊዜ ዝናቡ ከያዘ በኋላ ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ። ርቀቱ አንድ ክንድ ይሁን፤ ለጊዜው ባዶ መስሎ ቢታይም ኋላ ይገናኛል። ከተተከለ በኋላ በአንገቱ ዙሪያ ጠጠር አድርጉለት፤ ጠጠሩ ጭቃ እንዳይረጨውና አንገቱ እንዳይበሰብስ ይጠብቀዋል። አረሙን በእጅ እንጂ በዶማ አትንኩ። በመጀመሪያው በጋ ሳምንት በሳምንት ትንሽ ውሃ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። ከታች በኩል ቢጫ መሆን ከጀመረ ውሃ በዝቶበታልና መውረጃ ክፈቱለት።

አጨዳው ላይ ሰው ሁሉ ይስታል። ጦስኝ እንደ ጎመን አይደለም፤ እስከ እንጨቱ ድረስ ከተቆረጠ ከደረቀው እንጨት ላይ አዲስ ቅጠል ለማውጣት አቅም የለውም። ስለዚህ ከአረንጓዴው ግማሹን እየተዋችሁ እጨዱ። ማጭዱ ስለት ይኑረው። ያጨዳችሁትን ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ያን ጠረን የሚሰጠው ዘይት ነው፤ ፀሐይ ይዞት ይሄዳል። ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት የጦስኝ ዘይቶች ናቸው ጀርም የሚዋጉት፤ ታይሞል በፋብሪካ ለአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ሁሉ ይገባል። ጢስ በማይገባበት ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ ዘርጉት፤ ሲደርቅ በለበቅ መታ መታ አድርጋችሁ እንጨቱን ለዩ። ለሻይ፣ ለሽሮ፣ ለበርበሬ ንጹሕ ቅጠል ያቀረበ ሰው ከነአፈሩ ካቀረበው ጋር በአንድ ዋጋ አይሸጥም። በዚህ አጋጣሚ፣ ሳል ሰንብቶ የከረመበት ሰው ጦስኝ ጠጣሁ ብሎ ቤቱ አይተኛ፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እርጉዝ እናቶችም አብዝተው ከመውሰዳቸው በፊት ይጠይቁ።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። ድንጋዩ ቢሸጥ ገንዘቡ ይገባል፤ አንክድም። ግን የሚገባው አንድ ጊዜ ነው፤ ድንጋዩ ከሄደ በኋላም ተዳፋቱን ክረምቱ ይንደውና ቦዩን ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ለጥርጊያ መዋጮ ልንጠይቃችሁ ነው። ባሕር ዛፍን በተመለከተ፣ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤታችንን የሠራልን፣ ምጣዳችንን ያሞቀልን ዛፍ ነው፤ ውለታውን አንረሳም። ነገር ግን ቦታ አለው። ከአዳራሽ ግድግዳና ከውሃ ቦይ አጠገብ ቦታው አይደለም። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ሲሄድ ግንብ ያስነሣል፤ ከሥሩም ሌላ ነገር አያበቅልም። ወገራ ውስጥ ባሕር ዛፍ የጎደለበት ኮረብታ ካለ ይነገረንና እንተክላለን።

ጦስኙ ግን ለማን ነው? ይህ ነው ዋናው ጥያቄ። የእኛ ሐሳብ እንዲህ ነው። የተዳፋቱ መደብ የማኅበሩ ይሁን፤ አጨዳው ግን በጦስኝ ለቀማ ለሚተዳደሩ የሰፈራችን ሰዎች በተራ ይሰጥ። ስማቸው ይመዝገብ፤ ተራው ይለጠፍ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ እፍኝ እንኳ አይታጨድም፤ ይህን ቀድመን ነው የምንናገረው፤ ነገ ጠብቀው እንዳያዝኑብን። በሁለተኛውም ዓመት ጥቂት ነው። መደቡ ብቻውን ለሁሉም እንደማይበቃም እናውቃለን። ስለዚህ ነው እያንዳንዱ ቤት ከመደቡ ቁራጭ ወስዶ በራሱ ካብ ላይ እንዲተክል የምንጎተጉተው። በየጓሮው አጥር ሥር ካብ የሌለው ማን አለ?

እስከዚያው ለቃሚዎቻችን ተራራ መውጣታቸው አይቀርም። ለእነሱ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማጭድ ይሁን፣ ግማሹ ይቅር። በፓርኩ ክልል ውስጥ ግን ከቶ አይግቡ፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ከዚያ ተክል መንቀል ክልክል ነው። ለገዢዎች ደግሞ የምንለው ይጠነክራል። በሰፈራችን ሱቅ ያላችሁ፣ ሻይ ቤት ያላችሁ፣ በጆንያ የምትረከቡ ሁሉ፣ ሥር ያለበትን ጦስኝ አትግዙ። «ሥሩን ቆርጠሽ አምጪ» አትበሏት፤ ነቅላ ቤቷ ትቆርጠዋለች። ንጹሑን፣ በማጭድ የታጨደውን ለምታመጣው ትንሽ ጨምራችሁ ግዙ። ትርፋችሁ አይጎድልም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያልፈው መንገድ በመካከላችን ነው የሚያልፈው፤ ወደ ተራራው የሚሄደው እንግዳ ሁሉ መኪናውን አቁሞ ትኩስ ነገር ይጠይቃል። የአገሩን ጦስኝ ከፊት ለፊቱ ካለው መደብ ላይ ሲቆረጥ እያየ ቢጠጣ ምን ይላችኋል?

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ጉዳዩ በድምፅ ይወሰናል። ድንጋዩ ይሸጥ የሚልም፣ ባሕር ዛፍ የሚልም በነጻነት ይናገር፤ የምንለምነው ግን ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ቀን ወደ ግጦሹ ብቅ ብላችሁ ስንት ጉጥ ጦስኝ እንደቀረ በዓይናችሁ ቆጥራችሁ እንድትመጡ ነው።

ሐሳባችን ካለፈ ድንጋይ የሚደረድር ሰው ያስፈልገናል። ዲጂኖና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፤ አሸዋ በአህያ የሚያመላልስልንም ካለ ለጽሕፈት ቤቱ ይንገር። ለቁራጭ ማብቀያ የሚሆን አሮጌ ጀሪካንና ጣሳ ከአሁኑ እንቀበላለን። በአዳራሹ አካባቢ በግና ፍየል ያላችሁ ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ እሰሩልን፤ ዶሮዎችም ጠጠሩን ይጭሩታልና እነሱንም ጭምር።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
አምባ ጊዮርጊስ